አርኤስኤስ ምንድን ነው?

አንዱ ብሎግ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል፤ ሌላው ሁለት ወር ጠፍቶ ይቆይና በአንድ ሳምንት ሦስት ያወጣል። የድር ኮሚክ የሚሥሉትም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቀን ሳያዛንፍ ያወጣል፤ ሌላው እጁ ሲፈታ ብቻ። ሁሉንም በየዕለቱ እየዞሩ መፈተሽ ያታክታል። ጥሩ ጸሐፊ ከእጃችን የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰልችቶን ሳይሆን ረስተነው ነው። አርኤስኤስ (RSS) የሚባለው ነገር ለዚህ ችግር የተሠራ ነው።

አርኤስኤስ አንድ ድረ ገጽ ለዓይን ከሚታየው ገጹ ጎን ለጎን የሚያዘጋጀው ቀለል ያለ ፋይል ነው። ፋይሉ ፊድ ይባላል። የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ርእስ፣ የወጡበት ቀንና አድራሻቸው፣ አንዳንዴም ጽሑፉ ራሱ ከነሙሉነቱ በውስጡ ተደርድሯል። ሰው በቀጥታ አያነበውም፤ ፊድ አንባቢ የሚባል መተግበሪያ በየጊዜው እየሄደ ያየዋል፣ አዲስ ነገር ካገኘም ያመጣዋል። ሃምሳ ብሎግና ኮሚክ የሚከታተል ሰው ሃምሳ ቦታ መዞሩ ይቀርና ሁሉንም በአንድ ዝርዝር፣ በወጡበት ቀን ቅደም ተከተል ያገኛቸዋል። ለጸሐፊው ስምም ሆነ ኢሜይል መስጠት አያስፈልግም። የትኛው ከላይ ይታይ፣ የትኛው ይደበቅ ብሎ የሚወስን ሌላ አካልም በመሃል የለም፤ የመረጡት ሁሉ ይመጣል፣ ያልመረጡት አይመጣም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1999 የድር ማሰሻ ይሠራ ከነበረው ከኔትስኬፕ ኩባንያ ወጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባውም በዚያው ዓመት ስለሆነ ሁለቱ እኩዮች ናቸው። ዛሬም በስፋት የሚሠራበት 2.0 የተባለው እትም በ2002 ተከተለ። በ2005 ጉግል የራሱን ፊድ አንባቢ አውጥቶ ብዙ ሰው ከለመደው በኋላ በ2013 ዘጋው። ያን ጊዜ አርኤስኤስ ራሱ የሞተ የመሰለው ሰው ብዙ ነው። የተዘጋው ግን የአንድ ኩባንያ መተግበሪያ ብቻ ነበር። ፋይሉን የሚያዘጋጁት ድረ ገጾቹ ራሳቸው በመሆናቸው አንባቢዎች ዝርዝራቸውን ይዘው ወደ ሌላ መተግበሪያ ተሻገሩ። ፖድካስት ዛሬም የሚሰራጨው በዚሁ መንገድ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ለምንኖር ሰዎች ይህ ከሌላው ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ግንኙነት ተቋርጦ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ከእንዲህ ያለ መቋረጥ በኋላ ፌስቡክን የከፈተ ሰው የሚያገኘው የዕለቱን ጫጫታ ነው። የሚወደው ጸሐፊ በእነዚያ ወራት የጻፈው ሁሉ ከሥር ተቀብሯል፤ መኖሩን እንኳ የሚነግረው የለም።

አርኤስኤስ ያለው ሰውም ቢሆን አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ የፊድ አንባቢ መተግበሪያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሥራውን ሁሉ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል። መስመር ሲኖር ሄዶ ፋይሉን ያያል፤ መስመር ከሌለ አያይም። ፋይሉ ደግሞ የሚይዘው የቅርቦቹን ብቻ ነው፤ ዎርድፕረስ በሚባለው የብሎግ መሥሪያ የተሠራ ድረ ገጽ ባለቤቱ ካልለወጠው በቀር የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ይዞ የቀሩትን ከፋይሉ ያስወጣል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚወጣ ኮሚክ እንውሰድ። መቋረጡ ሦስት ሳምንት ቢሆን ከ10 ስለማይበልጥ ምንም አያመልጥም። ሦስት ወር ከሆነ ግን የወጡት 40 ገደማ ናቸው፤ መተግበሪያው የሚደርስባቸው የመጨረሻዎቹን 10 ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት እንደ ፊድሊና ኢኖሪደር ያለው ነው። እዚህ ፋይሉን እየሄደ የሚያየው ውጭ አገር ያለ የኩባንያው ሰርቨር እንጂ ስልካችን አይደለም። ደሴ ላይ መስመር ቢጠፋም እርሱ ሥራውን አያቆምም፤ ለደንበኛው ዕቃ አስቀምጦ እንደሚቆይ ባለሱቅ የወጣውን ሁሉ ይሰበስባል። መስመር ሲመለስ ሁሉም በወጣበት ቀን ተሰድሮ ይገኛል። አንዳንዶቹ ከወር በላይ የቆየውን እንደ ተነበበ ስለሚቆጥሩት፣ ያልተነበቡትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አሳየኝ ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ለዚህ አካባቢ የምመክረው ይህን ዓይነቱን ነው።

የዳታ ወጪም አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 5,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 15 ኪሎባይት ገደማ ነው። አንድ ድረ ገጽ ከነማስታወቂያውና ከነጌጡ ሲከፈት ግን ሁለት ሜጋባይትና ከዚያ በላይ መውሰዱ የተለመደ ነው። ብዙ መተግበሪያዎች ዋይፋይ ባለበት አውርደው ከመስመር ውጭ ያስነብባሉ፤ ጠዋት ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ሥራ የሚገባ ሰው ያለ ምንም ዳታ እያነበበ ይደርሳል። ኮሚክ ሥዕል ስለሆነ ይከብዳል፤ ሥዕል በዋይፋይ ብቻ ይውረድ የሚል ምርጫ ካለ እርሱን ማብራት ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። የብሎጉን አድራሻ ገልብጦ መተግበሪያው ውስጥ መለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ፋይሉን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ካላገኘ በገጹ ላይ ብርቱካናማውን የአርኤስኤስ አርማ መፈለግ ወይም፣ ድረ ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ፣ ከአድራሻው መጨረሻ እዝባር አድርጎ ፊድ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል (/feed) መጨመር ነው።

አርኤስኤስ የማይሠራው ሥራ አዲስ ጸሐፊ መፈለግ ነው። ያንን የሚሠራው ሰው ነው። ድሮ ብሎገሮች በገጻቸው ጠርዝ ላይ የሚያነቧቸውን ሌሎች ብሎጎች ይዘረዝሩ ነበር፤ ብሎግሮል ይባላል፣ ዛሬም በብዙ ገጾች ላይ አለ። አንድ ደስ ያለንን ጸሐፊ ይዘን እርሱ ወደሚያነባቸው፣ ከእነርሱም ወደሚቀጥሉት መሄድ እኔ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የተሻለው ነው። ኮሚክ ሠሪዎችም የሚያደንቋቸውን ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ይጠቁማሉ። ፊድ አንባቢዎች ደግሞ የምንከታተለውን ዝርዝር ኦፒኤምኤል በሚባል ትንሽ ፋይል ያወጡልናል። ያ ፋይል በቴሌግራም ወይም በብሉቱዝ ወደ ወዳጅ ይላካል፤ ወዳጅ በራሱ መተግበሪያ ሲከፍተው ዝርዝሩ እንዳለ ይገባለታል።

ነገር ግን ሃምሳውንም በአንድ ጊዜ መላክ ሰውን ማሸሽ ነው። አራት ወይም አምስት መርጦ፣ ለእያንዳንዱ ለምን እንደወደድነውና ከየትኛው ጽሑፍ መጀመር እንደሚሻል አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይበልጣል። በኮሚክ ላይ ይህ ግዴታ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ከሆነ ከዛሬው ቢጀመር ችግር የለም። ተከታታይ ታሪክ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ገጽ አድራሻ አብሮ ይላክ፤ መሃል ላይ የገባ ሰው ማን ማን እንደሆነ ሳይገባው ይተወዋል።

የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ፊድ በራሳቸው አያዘጋጁም፤ እኔ የማውቃቸው የደሴና የኮምቦልቻ ጸሐፊዎች አብዛኛዎቹ ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። እዚያው መቆየታቸውን አልቃወምም። የጻፉትን ሁሉ በዎርድፕረስ ወይም በብሎገር በሚከፈት ነጻ ብሎግ ላይም ቢያኖሩት ግን ፊዱ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ይዘጋጅላቸዋል። ብሎግ የሚከፍት ሰው ከማስተካከያዎቹ ውስጥ አንዱን ልብ ይበል፦ ፊዱ ቅንጫቢ ይያዝ ወይስ ሙሉ ጽሑፍ ተብሎ ሲጠየቅ ሙሉውን ይምረጥ። ቅንጫቢ ከሆነ ኢንተርኔት የሌለው አንባቢ ከሦስተኛው መስመር በኋላ ማንበብ አይችልም።