የሀዋሳ የደጅ ድግስና ገመድ አልባ ሙዚቃ

በሀዋሳ የደጅ ድግስ ሙዚቃ ዛሬ በአብዛኛው ከስልክ ተነስቶ ያለ ገመድ ባለ ጎማ ስፒከር ውስጥ ይገባል። ልደቱም፣ ምርቃቱም፣ መልሱም፣ የመሥሪያ ቤት ሽርሽሩም የሚደምቀው በዚህ ነው። ስለ ከተማዋ ሐይቅና ዓሳ ብዙ ተጽፏል። ስለ ድምፁ ግን አንድ ላይ የተሰበሰበ ጽሑፍ አላገኘሁም። ይህን ዳሰሳ ያሰናዳሁት ሳውንድ ሲስተም ከሚያከራይ ጓደኛዬ ደብተር፣ በየድግሱ ካየሁትና ስለ ብሉቱዝ አሠራር ከሚታወቀው ነው። የጓደኛዬ ደብተር የሚጀምረው ከቅርብ ዓመታት ስለሆነ የድሮው ዘመን ቢያጥር አይግረማችሁ።

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ነች። የማታው ብርድ እንደ አዲስ አበባ አጥንት አይሰብርም። ስለዚህ ድግሱ ከቤት ለመውጣት ሰበብ አይፈልግም። ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ የታቦር ግርጌ፣ የሆቴል ሣር፣ የጎረቤት ግቢ ሁሉ ቦታው ነው። አድልዎ አይሁንብኝና፣ ለደጅ ድግስ ከሀዋሳ የተሻለ ከተማ አላውቅም። የአዳማ ልጆች በዚህ አይስማሙም። የነፋስ ኃይል ማመንጫ በተተከለበት አገር ማይክ ይዞ ማውራት ምን እንደሚመስል ግን እነሱው ያውቁታል።

ከገመዱ ዘመን

የደጅ ሙዚቃ ከከተማዋ ይቀድማል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የበዓሉ አደባባይ ጉዱማሌ ላይ ቄጣላው፣ ማለትም የሲዳማ የኅብረት ጭፈራ፣ ሲወርድ የሚያጅበው የሰው ጉሮሮና የእግር ምት ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የማታውን ጭፈራ አሳጠረው። የካሴት ዘመን ረጅም ነበር። ቴፑ መስኮት ላይ ይቀመጥና ፊቱ ወደ ግቢው ይዞራል፤ በቃ፣ ድግስ ተጀመረ።

ቀጥሎ ሞንታርቦ መጣ። ሞንታርቦ በእርግጥ የአንድ የጣሊያን ድምፅ ማጉያ አምራች ስም ነው። እኛ ግን ማንም ይሥራው ማን ለትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሰጠነው። ጂፓስ የተባለው የአምራች ስምም ዕጣው ይኸው ሆነ። ሞንታርቦ መከራየት ማለት ስፒከሩን፣ ጉልበት የሚሰጠውን አምፕሊፋየር፣ ድምፅ የሚያደባልቀውን ሚክሰር፣ አንድ ጥቅል ገመድና ገመዱን የሚፈታ ልጅ አብሮ መከራየት ነበር። አንድ ሰው ገመዱ ላይ ካልተሰናከለ ሠርጉ ሠርግ አይመስልም።

ብሉቱዝ ሲገባ

ብሉቱዝ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ስዊድን ውስጥ፣ በኤሪክሰን ኩባንያ ነው። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴልና ቶሺባ ማኅበር አቋቋሙለት። ስሙ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ የዴንማርክ ንጉሥ የተወሰደ ነው። ሙዚቃ በስቴሪዮ እንዲያስተላልፍ የሚያደርገው ሥርዓት በ2003 ተጨመረለት። እኛ ሀገር ብሉቱዝ መጀመሪያ የታወቀው በሌላ ሥራው ነበር። ዘፈንና ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይላክበታል፤ ሁለቱ ስልኮች ጀርባ ለጀርባ ተጠጋግተው ይጠበቃል። ባይጠጋጉም ይሠራ ነበር፤ ልማድ ነው።

አሁን የሚከራየው ስፒከር አምፕሊፋየሩ በሆዱ ውስጥ ነው። ባለሙያዎቹ አክቲቭ ይሉታል። ከስልክ የሚፈልገው ምልክት ብቻ ነው፤ ጉልበቱን ከሶኬት ወይም ከራሱ ባትሪ ያገኛል። ከነገሩ ሁሉ የጠፋው እንግዲህ ከስልክ እስከ ስፒከር ያለው የመጨረሻው ገመድ ነው። የጓደኛዬ ደብተር ውስጥ ከደንበኛ ከተመዘገበው ቅሬታ አብዛኛው የሚነሳውም ከዚችው ርቀት ነው። «ይቆራረጣል» ይላል አንዱ መስመር። ቀጣዩም «ይቆራረጣል»።

ለምን ይቆራረጣል? ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ዋይፋይም እዚያው ነው። መንገዱ ስለሚጨናነቅ ብሉቱዝ በሰከንድ 1,600 ጊዜ በ79 ቻናሎች መካከል እየዘለለ ያመልጣል። ዝላዩ ዋይፋይን ያሸንፋል እንበል፤ ሰውን ግን አያሸንፍም። ይህን ሞገድ ውሃ ይውጠዋል፣ ሰው ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ለብሉቱዝ መቶ እንግዳ ማለት መቶ ሙሉ ጀሪካን ማለት ነው። ብዙ ስልኮች የሚደርሱት 10 ሜትር አካባቢ ነው፤ እሱም መሀሉ ክፍት ከሆነ።

አንድ ልደት ላይ ያየሁት ይኸው ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ሣር ላይ፣ ሠላሳ የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ስልኩ የባለ ልደቷ ወንድም የኋላ ኪስ ውስጥ ነው። ልጁ ቆሞ ሲያወራ ሙዚቃው ይንቆረቆራል። ለጭፈራ ሲገባና ለስፒከሩ ፊቱን ሲሰጥ ዘፈኑ ይንተፋተፋል። ሁሉም ስፒከሩን ሰደበ። አንድ ሰው ሄዶ በጥፊ መታው። ከዚያ ስልኩ ጠራ። ዘፈኑ ተቋረጠና የጥሪው ጩኸት ሐይቁ ድረስ ተሰማ። ልጁ ደንግጦ ሲያነሳው እናቱ ናቸው፤ ድምፃቸው በስፒከሩ ወጣ፦ «አንተ ልጅ፣ ድስቱን ረስታችሁት ሄዳችሁ እኮ!» ከኬኩ በላይ የሚታወሰው ይኼ ነው።

አከራዮቹ ለዚህ መድኃኒት አላቸው። ለድግስ አሮጌ ስልክ ይመደባል፣ ሲም አይገባበትም። ካልሆነ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረግና ብሉቱዙ ብቻ ይከፈታል። ስልኩ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ወይም ስፒከሩ አጠገብ ይቀመጣል። ዘፈኑ ቀድሞ ይወርዳል። በዓል ቀን ሐይቁ ዳር ኔትወርክ ሲጨናነቅ በዳታ ከዩቲዩብ አጫውታለሁ ማለት ዘበት ነው።

ሌላው ጣጣ ጎረቤት ነው። ሁለት ድግስ ጎን ለጎን ሲሆንና ስፒከሮቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ስልኩ ላይ የሚወጣው ስምም አንድ ነው። የነሱ ዘፈን እኛ ዘንድ፣ የኛ እነሱ ዘንድ ሊያልቅ ይችላል። «ማነው ኮኔክት ያደረገው?» የሚለው ጩኸት በሀዋሳ የቅዳሜ ከሰዓት ዜማ ሆኗል።

ሁለት ስፒከር፣ ሰፊ ሜዳ

ደጅ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይወርዳል። ሰው የሚሳሳተው አንዱን ስፒከር እስኪያንቃርር በመክፈት ነው። ፊት ያሉት ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ኋላ ያሉት «አይሰማም» ይላሉ። ሁለት አማካኝ ስፒከር ተራርቆ ቢቀመጥ ይሻላል። ቤዝ ከቀነሰ ስፒከሩን ወደ አጥር ግንብ ማስጠጋት ነው።

ሁለቱን በብሉቱዝ እርስ በርስ ማጣመር የሚቻለው ስፒከሮቹ ለዚያ ከተሠሩ ነው። አንዱ በገመድ ሌላው በብሉቱዝ ከሆነ ግን ጉድ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ጠቅልሎ እስኪልክ ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 0.1 ሰከንድ ማለት ሁለተኛውን ስፒከር 34 ሜትር ወደ ኋላ እንደማስቀመጥ ነው። ከበሮው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻው የቱን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ሠርግ ላይ ያሉ ዲጄዎች ብሉቱዙን ሚክሰሩ ላይ ያበቁትና ከዚያ ወዲያ በገመድ ይሄዳሉ። ልክ ናቸው።

ገመድ አልባውን ድግስ ቀድማ ያስለመደችው ሀዋሳ ናት የሚሉ አከራዮች አሉ። አዲስ አበባ ያሉት ይስቃሉ። ማስረጃ ያቀረበ ወገን የለም፤ ቢሆንም የሐይቁን ዳር ላየ ሰው የሀዋሳዎቹ ነገር ውኃ ይቋጥራል።

የሚያከራክረው ሌላ ነገር ጩኸቱ ነው። ነፋስ በሌለበት ምሽት ውሃው ላይ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ላይ ከመሄድ ወደ ታች ይታጠፋል። ስለዚህ የሐይቅ ዳር ሙዚቃ ማታ ከቀን ይልቅ ይርቃል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጩኸትንም ይመለከታል። በሀገሪቱ መመሪያ የመኖሪያ ሰፈር ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። 55 የሰው መደበኛ ወሬ አካባቢ ነው፤ ባለ ጎማው ስፒከር ገና ሲበራ ያልፈዋል። አንዳንዱ አከራይ ሲመሽ ራሱ መጥቶ ቤዙን ይቀንሳል። ሌላው ስልኩን አያነሳም።

መብራት ሲሄድ ገመድ አልባው ብልጫውን ያሳያል። ጀነሬተር ያስነሱ የሚል የለም፤ ባትሪው ይቀጥላል። ብዙዎቹ ባለ ጎማ ስፒከሮች ውስጥ ያለው 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ነው። እሱ ደግሞ ባዶውን እያደረ ከቆየ ይሞታል። ስለዚህ ጓደኛዬ ስፒከሩ ከድግስ እኩለ ሌሊት ቢመለስም እስኪነጋ አይጠብቅም። ጭቃውን ሳይጠርግ ዲቫይደሩ ላይ ይሰካዋል።