ቮልስን ማሻሻል፦ ሞተር ቅየራና የእግር ሥራ

አዲስ አበባ አድጎ ቮልስ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዛሬም መንገድ ላይ አለች። የተወለወለች አለች፣ ቀለሟ የረገፈ አለች፣ ዝቅ ተደርጋ ሰፊ ጎማ የገባላትም አለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነውና በታሪካችንም ውስጥ ቦታ አላት። እዚህ የማወራው ግን የድሮዋን ቮልስ ሞተር ስለመቀየርና እግሯን፣ ማለትም ጎማዎቿን ይዞ ክብደቷን የሚሸከመውን ክፍል፣ ስለማጠናከር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪናዋን የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሸ ነው፣ በ1930ዎቹ። በብዛት መመረት የጀመረችው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን፣ ቮልፍስቡርግ ውስጥ ነው። የመጨረሻዋ በጁላይ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። በጠቅላላው 21,529,464 ቮልሶች ተሠርተዋል። ማሻሻል ለሚፈልግ ሰው ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው፤ ይህን ያህል የተመረተ መኪና መለዋወጫ አያጣም፣ የሚያውቀው መካኒክም አያጣም።

ቮልስን መነካካት የቆየ ነገር ነው። ፖርሸ የሚለውን ስም ይዛ በ1948 የወጣችው የመጀመሪያዋ የስፖርት መኪና፣ 356፣ ራሷ የገባላት የቮልስ ሞተር ነበር። 25 የፈረስ ጉልበት የነበረውን ወደ 35 አሳድገውት ነው የገጠሙት። ከዚያ ጀርመን ውስጥ ኦክራሳ የሚባል ድርጅት ባለ ሁለት ካርቡሬተር ማሻሻያ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ነገሩ እውነተኛ ባህል የሆነው ግን በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ሪቨርሳይድ ከተማ የነበረው የጆ ቪቶኒ ድርጅት ኤምፒ ለቮልስ ብቻ የሚሆን ዕቃ ያመርት ነበር። የኦሬንጅ ካውንቲ ወጣቶች ደግሞ የፊቷን እግር ዝቅ አድርገው፣ ጌጧን ነቅለው፣ ትልቅ ሞተር አስገብተው ቀጥ ባለ መንገድ ይወዳደሩባት ነበር። በ1964 ብሩስ ማየርስ የቮልስን ሞተርና እግር በፋይበርግላስ አካል ላይ ገጠመና ማየርስ ማንክስ የምትባለውን የበረሃ መኪና ሠራ።

ለምን ቮልስ? ምክንያቱ አሠራሯ ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው። ከታች የሚሸከመው ሌላ ነገር የለም። ባትሪ ይነቀላል፣ የነዳጅ ጎማው ይዘጋል፣ የጋዝ ገመዱና የማሞቂያው ገመዶች ይፈታሉ፣ የዲናሞው ሽቦዎች ይላቀቃሉ፣ ክሪክ ከሥር ይገባል። ከዚያ ሞተሩ ወደ ኋላ ይሳባል፤ የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ዝቅ ማድረግ አይቻልም፣ ዘንጉ ይጎብጣል ወይም ፍሪሲዮኑ ይበላሻል። ሞተሩ መቶ ኪሎ አልፎ ትንሽ ነው። ልምድ ያለው ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል።

ይህ ቀላልነት ግን ሰውን ያሳስታል። ሞተር መቀየር ቀላል ስለሆነ ሁሉም ከሞተር ይጀምራል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ፍሬንና እግር ነው የምለው፣ በዚህ አልደራደርም። ምክንያቱን ላስረዳ።

አብዛኞቹ የድሮ ቮልሶች የኋላ ሴሚያሳቸው (ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ) የሚታጠፈው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ካምቢዮው ጋ። ጎማው ጋ መታጠፊያ የለም። ስለዚህ የመኪናዋ ኋላ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ መሬት የሚነካው የጎማው ጠርዝ ብቻ ይሆናል። በፍጥነት ኩርባ ገብቶ ድንገት ጋዝ የለቀቀ ወይም ፍሬን የያዘ ሰው ኋላው ተነስቶ መኪናው ሊገለበጥበት ይችላል። ከክብደቷ ወደ 60 በመቶው ኋላ ላይ መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። በ40 የፈረስ ጉልበት ይህ ባህሪ ብዙም ላይታይ ይችላል። በ100 ግን ይታያል፣ ያውም በመጥፎ ቦታ።

መፍትሔው ደረጃ ደረጃ አለው። ርካሹ ከካምቢዮው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሚዘረጋ ባሌስትራ መግጠም ነው፤ ሁለቱን ጎማዎች ወደ ውስጥ እንዳይታጠፉ ይይዛቸዋል። ኤምፒ ካወጣቸው ዕቃዎች ውስጥ እኔ በጣም የማከብረው ይህን ነው። ፋብሪካውም በ1967 ሞዴል ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ የብረት ዘንግ ጨመረ። ትክክለኛው መፍትሔ ግን በሁለት ቦታ የሚታጠፍ ሴሚያስ ነው። ለአሜሪካ ገበያ ከ1969 ሞዴል ጀምሮ የወጡት ቮልሶች ይህ አላቸው። አሮጌውን ወደዚህ መቀየር ወለሉ ላይ አዲስ መያዣ መበየድ ይጠይቃል፣ ብየዳው ደግሞ ልኬቱን ሚሊ ሜትር ሳይስት መሆን አለበት። ሌላው መንገድ ወለሉን በሙሉ መቀየር ነው፤ የቮልስ ላሜራ ከወለሉ ጋር በቡሎን ስለተያያዘ ይነሳል፣ ሌላ ወለል ላይ ይቀመጣል።

ቮልስ ሞላ የላትም፣ ከ1971 ጀምሮ የፊት እግሯ ከተለወጠው ሱፐር ቮልስ በስተቀር። ክብደቷን የሚሸከመው የሚጠመዘዝ ብረት ነው። ኋላ ላይ ያለው ዘንግ ውስጠኛው ጫፉ 40 ጥርስ፣ ውጭኛው ጫፉ 44 ጥርስ አለው። ይህን ያሰበውን መሐንዲስ አደንቃለሁ። የውስጡን አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ነው፣ የውጩ አንድ ጥርስ ከ8 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። አንዱን ወደዚህ ሌላውን ወደዚያ ስታዞር ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያንሳል፤ የመኪናዋን ቁመት በግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ማስተካከል ትችላለህ ማለት ነው፣ ምንም አዲስ ዕቃ ሳትገዛ። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ጎማውን የያዘው ጠፍጣፋ ብረት ከማረፊያው ሲላቀቅ በከባድ ኃይል ወደ ታች ይመታል። ጣትም ሆነ ፊት እዚያ አካባቢ መኖር የለበትም፣ በክሪክና በሰንሰለት ተይዞ ቀስ ተብሎ ነው የሚለቀቀው።

የፊቱ እግር ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ናቸው፣ በውስጣቸው የተደራረቡ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች አሉ። ዝቅ ለማድረግ የቱቦው መሐል ተቆርጦ የሚስተካከል መያዣ ይበየዳል። ነገር ግን በብዙ ዝቅ ሲል ሾክ አብዞርበሩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል፣ መኪናዋ ትነጥራለች። የተሻለው መንገድ የጎማው መያዣ ከፍ ብሎ የተሠራበትን ልዩ ዕቃ መግጠም ነው፤ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ የእግሯ እንቅስቃሴ ግን እንደነበረ ይቆያል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ መንገድ ዝቅ ማድረጉን አልመክርም። ጉድጓዱና የፍጥነት መግቻው ወለሉን ይበላዋል። ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ጥሩ ሾክና ራዲያል ጎማ አስገብቶ መንዳት ይሻላል። የፊት ዲስክ ፍሬንማ ሞተሩ ከመነካቱ በፊት መግባት አለበት።

አሁን ወደ ሞተሩ። የመጨረሻው ትልቁ የቮልስ ሞተር 1,584 ሲሲ ሲሆን 50 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የመጀመሪያው ምርጫ ይህንኑ ሞተር ማስፋት ነው። ፒስቶኑ ከ85.5 ወደ 90.5 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ 1,776 ሲሲ ይሆናል፣ ወደ 94 ሲሰፋ 1,915። ለሁለቱም የሞተሩ አካል በቶርኖ መስፋት አለበት። ሳይሰፋ የሚገባ 88 ሚሊ ሜትር ዕቃ አለ፣ ርካሽም ነው፣ ግን የሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚሳሳ በሙቀት ይጣመማል። እሱን ተዉት።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፣ ከፍታው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ተርቦ የሌለው ሞተር ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል፤ የ50ው ሞተር ወደ 40 ይወርዳል ማለት ነው። ካርቡሬተሩም ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጄት፣ ማለትም በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካውን ቁራጭ፣ ማስገባት አዲስ ሞተር ከመግዛት በፊት መሞከር ያለበት ነገር ነው። ሜክሲኮ ከ1993 ጀምሮ ያመረተቻቸው ቮልሶች በኢንጀክሽን የሚሠሩ ስለሆኑ ይህ ችግር ብዙም የለባቸውም።

በከፍታ ላይ የሳሳው አየር የማቀዝቀዝ አቅሙም ያንሳል። ቮልስ ውሃ የላትም፣ የሚያበርዳት አየርና ዘይት ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይሞቃል፤ ምክንያቱም በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በቬንቲሌተሩ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይዘጋዋል፣ ያለፈውንም ያሞቀዋል። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ከሳጥኑ ወጣ። ሞተር የሚያሳድግ ሰው ይህን አዲሱን ሳጥን ይፈልግ። ሌላው ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራና የጎማ ማሸጊያ ነው። ከላይ ቀዝቃዛ አየር፣ ከሥር የጭስ ማውጫው ሙቀት አለ፤ የሚለያቸው እሱ ማሸጊያ ብቻ ነው። ማሸጊያው ከሌለ ቬንቲሌተሩ የጋለውን አየር መልሶ ይስበዋል። ጥሩ ሞተር በዚህ ምክንያት ብቻ ሲቃጠል ያሳዝናል።

ከዚህ አልፎ መሄድ የሚፈልግ ሱባሩ ያስገባል። የሱባሩ ኢጄ22 እንደ ቮልስ ሞተር ተጋድሞ የተቀመጠ ባለ አራት ሲሊንደር ነው፣ አዟዟሩም በአንድ አቅጣጫ ነው፣ ወደ 135 የፈረስ ጉልበት አለው። በመካከል ማገጣጠሚያ ሰሌዳ ይገባል። ችግሩ ውሃው ነው፤ ራዲያተር ፊት ይገጠማል፣ ቱቦው ከሥር እስከ ኋላ ይዘረጋል፣ የኤሌክትሪክ ሥራውም ብዙ ነው። ከመደበኛ አውቶሞቢል የሚወጣ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ግን ቁመቱም ርዝመቱም ስለማይበቃው ላሜራ መቁረጥ ይመጣል፣ እኔ ያ ሲሆን ማየት አልፈልግም። ካምቢዮውም እስከ 50 ለሚደርስ ጉልበት የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ነው። ፍሪሲዮን በድንገት የሚለቅ ሰው በ135 ጉልበት ጥርሱን ያረግፈዋል። ለረጅም መንገድ የዲፈረንሻሉን ጥምርታ ከ4.375 ወደ 3.875 መቀየር ሞተሩን ያሳርፋል፣ በዚያው ፍጥነት ዙሩ ከአሥር በመቶ በላይ ይቀንሳል።

ከነዳጅ ጭራሽ መውጣትም አለ። ፎልክስቫገን ራሱ በ2019 ኢክላሲክስ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ቮልስ አሳይቷል፤ 60 ኪሎ ዋት ሞተር፣ 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ፣ በአንድ ቻርጅ ወደ 200 ኪሎ ሜትር። የባትሪው ክብደት ስላለ እሷም እግሯና ፍሬኗ ተጠናክሮላታል። ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ሐሳብ እኛም ጋ ትርጉም እያገኘ ነው፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ ቮልሶች ሌላ ዕድሜ ሊያገኙበት ይችላሉ።

ዕቃ ለመፈለግ መርካቶ ሶማሌ ተራ መነሻ ይሆናል፣ ለቮልስ ብቻ የሚሠሩ የቆዩ መካኒኮችን መጠየቅ ግን ይበልጣል። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆኑን ማየት፣ የሻጩንም ሕጋዊ ወረቀት መቀበል ግድ ነው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ስላለ ሞተር የቀየረ ሰው አዲሱን ቁጥር ማስመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብም ሲሸጥም ችግር ይፈጥርበታል። ወለል የቀየረም እንደዚያው ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩ ያለው የኋላ ወንበሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ ነው።