ስለ ሊምፍ እብጠትና ስለ ማሸቱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እግር ሲያብጥ ወይም ክንድ ሲወፍር መካሪው ይበዛል። አንዱ ወጌሻ ይላል፣ አንዱ ዋግምት፣ ሌላው የሽንት ኪኒን። አሁን ደግሞ በቲክቶክ የሚታየው የሊምፍ ማሳጅ ተጨምሮበታል። የሊምፍ እብጠት ግን የራሱ አያያዝ ያለው፣ አብሮ የሚኖር ህመም ነው። በደንብ የያዘው ሰው ሥራውንም ማኅበራዊ ኑሮውንም ሳይተው ይኖራል።

በአገራችን ሁለቱን ዓይነት ማወቅ በተለይ ይጠቅማል። አንደኛው በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ በኖሩ ሰዎች ላይ የሚወጣው ዝሆኔ ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ሁለተኛው ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንድ ላይ የሚመጣው ነው። ስለ ሁለቱም የሚወራው ብዙ ነው፤ ጉዳት የሚያደርሱትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጠንከር ተደርጎ ካልታሸ እብጠቱ አይወጣም»

ተቃራኒው ነው እውነቱ። ሊምፍ ከደም ሥር ወጥቶ በሰውነታችን ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ነው። ይህን ፈሳሽ ከነፕሮቲኑ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱ ቱቦዎች አሉ፤ እነሱ ሲጎዱ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ የሊምፍ እብጠት የሚባለውም ይህ ነው። የእነዚህ ቱቦዎች መነሻ ቆዳችን ውስጥ፣ ከላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ጡንቻ መጨፍለቅ አያስፈልግም። እንዲያውም ኃይለኛ እጅ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይጫናቸዋል፣ ያበጠውን ቦታም ያስቆጣዋል።

ትክክለኛው የሊምፍ ማሸት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። የጀመሩትም ፈረንሳይ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ዴንማርካውያኑ ኤሚል ቮደርና ባለቤታቸው ኤስትሪድ ናቸው። ባለሙያዋ መዳፏን ቆዳው ላይ ታሳርፋለች። ቆዳውን በዝግታ ወደ ፈሳሹ መሄጃ ትስባለች፣ ከዚያ ትለቀዋለች። እንደገና ትስባለች፣ ትለቃለች። ቆዳው አይቀላም፣ አያምምም። እጅ እንዳያንሸራትት ብዙ ጊዜ ቅባት እንኳን አይደረግም። መጀመሪያ ያየ ሰው «በቃ ይሄው ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ሌላም ግር የሚል ነገር አለ። ያበጠው እግር ሆኖ ሳለ ማሸቱ የሚጀመረው ከአንገት ነው። ምክንያቱም ዋናው የሊምፍ መስመር ደም ሥር ውስጥ የሚገባው አንገት ሥር፣ በግራ በኩል ነው። ከፊት ያለው መኪና ካልተንቀሳቀሰ የኋላው የት ይሄዳል? ስለዚህ መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ ብሽሽት፣ ከዚያ ጭን ይታሻል። እግር መጨረሻ ላይ ነው የሚደረሰው።

ወለምታ የሚያሽ እጅ እዚህ ቦታ የለውም። ዋግምትና መብጣት ደግሞ ይብሳል። ሊምፉ የደከመበት ቆዳ ጀርም የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው፤ እያንዳንዷ ቁስል በር ትከፍትለታለች።

«ማሸት የሚችል ባለሙያ ካላገኘሁ ተስፋ የለኝም»

ይሄ አስተሳሰብ ብዙ ሰው ቤት አስቀምጧል። ማሸቱ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው፤ ትልቁ ክፍል ግን አይደለም። ከጡት ካንሰር በኋላ ክንዳቸው ባበጠ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲገመገሙ፣ እብጠቱን በዋናነት የሚቀንሰው በፋሻ መጠቅለሉ ሆኖ ተገኝቷል። ማሸቱ ሲታከልበት ትንሽ ይጨምራል። በሳምንት ሁለት ቀን ታሽቶ ቀሪውን ጊዜ ፋሻም እግሩን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ልዩ ካልሲም ሳያደርግ የሚውል ሰው ገንዘቡን እያባከነ ነው። ፈሳሹ ተመልሶ ይሞላል።

ለዝሆኔም ማስረጃው ከራሳችን አገር ነው የመጣው። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ለግማሾቹ ወዲያው የተሰጣቸው እግር ማጠብ፣ ቆዳ ማለስለስ፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ነበር። ማሸት በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለ አልጋ ላይ የሚጥለው ህመም ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው የተነሳባቸው።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። ንጹሕ ውሃና ሳሙና በሳፋ ይቀርባል። እግሩ ከጉልበት ጀምሮ ወደ ታች በእጅ ይታጠባል። ቆዳው የተጣጠፈበትና በጣቶች መሃል ያለው ቦታ በስስ ጨርቅ አንድ በአንድ ይጸዳል። ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ይለቀለቃል። ከዚያ ጤና ባለሙያ በነገራችሁ መጠን በጣም በቀጠነ በረኪና ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል። በረኪናውን በግምት አታድርጉት፤ ከበዛ ቆዳ ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ብዙ ሰው የሚዘለው፦ በጣቶች መሃል ያለው እርጥበት ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ፈንገስ የሚያድገው እዚያ ነው፣ ቆዳው የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፣ ጀርሙም የሚገባው በዚያው ነው። በመጨረሻ እግሩ ቫዝሊን ይቀባል፣ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። ቁጭ ሲባል ደግሞ እግር ከፍ ማለት አለበት።

ፋሻው ከጣቶች ተነስቶ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ታች ጠበቅ፣ ላይ ላላ ይላል። ጣት ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ካመመ ወዲያው ይፈታል። እንዴት እንደሚጠቀለል አንዴ ከባለሙያ እጅ ማየት ግን ግድ ነው። የልብ ችግር ወይም እግር ላይ የደም ዝውውር ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያየው አይጠቅልል።

«ዝሆኔ እርግማን ነው፤ ይጋባል፤ ከዚያ ቤት አይጋቡም»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እብጠቱ ከሚያደርሰው ይልቅ ይህ ወሬ የሚያደርሰው ይከፋልና። ድግምት ረግጦ ነው ይባላል፤ የሞተ እንስሳ ወይም እባብ ረግጦ ነው ይባላል። እድር ላይ ለብቻው የሚቀመጥ ሰው አለ። ትምህርት ያቋረጡ ልጆች አሉ። እህቷ ስለታመመች ብቻ ጠያቂ ያጣች ልጅ አለች።

መንስኤው አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቅ ቅንጣቶቹ በቆዳ ያልፋሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እነዚህን ቅንጣቶች በታማሚዎች ንፍፊት (የሊምፍ ዕጢ) ውስጥ አግኝተዋቸዋል። ጀርም የለበትም። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ ጫማ በመዋዋስም ሆነ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት አይጋባም።

«ታዲያ ለምን በአንድ ቤተሰብ ይደጋገማል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በወላይታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አሳይቷል። የሚወረሰው ግን በሽታው አይደለም። ሰውነታቸው ለአፈሩ ቶሎ የሚቆጣ ሰዎች አሉ፤ አፈሩ ካልነካቸው አይታመሙም። ከዚያው ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ዝሆኔ አይዘውም። በግምት 1.5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የታመሙበትን በሽታ ጫማ ይከላከለዋል። ጋብቻ ለመከልከል ሲባል ዘር ከመቁጠር ለልጆቹ ጫማ መግዛት ይሻላል።

አንድ ልዩነት ግን ይታወቅ። በምዕራብ ቆላ፣ እንደ ጋምቤላ ባሉ አካባቢዎች፣ በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ። እሱ ጥገኛ ትል ስለሆነ መድኃኒት አለው። እሱም ቢሆን ከሰው ወደ ሰው በንክኪ አይተላለፍም።

ጠበል የሚሄድም ይሂድ። መታጠብና ማድረቅ፣ ጫማና ፋሻ ከእምነት ጋር አይጣሉም።

«ውሃ ስለሆነ የሽንት ኪኒን ያወጣዋል»

አያወጣውም። ኪኒኑ ውሃውን ቢቀንስም ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ውሃውን መልሶ ይስባል። ለልብ ወይም ለደም ግፊት ሐኪም ያዘዘውን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

«ጡቷን የታከመች ሴት በዚያ እጇ ምንም ማንሳት የለባትም»

ይህ ምክር ለዓመታት በሐኪሞችም ሲነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ግን ሐሳቡን ቀየረው። ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶች ተሳትፈውበታል። ክንድን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ልዩ እጅጌ አድርገው፣ በአሠልጣኝ እየታዩ ክብደት ያነሱት እብጠታቸው አልጨመረም። እንዲያውም ህመሙ የተባባሰባቸው ጊዜ ካላነሱት ያነሰ ነበር። ቁም ነገሩ ከትንሽ መጀመርና ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ሊምፉን ይገፋዋልና፣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይጠቅምም።

እብጠቱ መጣ ማለት ካንሰሩ ተመለሰ ማለትም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የብብት ንፍፊቶች መውጣታቸው ወይም የጨረር ሕክምናው ነው። ቢሆንም ድንገት የመጣ አዲስ እብጠት በሐኪም ይታይ።

«የሊምፍ ማሳጅ ቦርጭ ያጠፋል፣ መርዝ ያወጣል»

ስብ በሊምፍ ማሸት አይቀልጥም። መርዝ የማስወገዱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው።

«ሲያተኩሰውም ቢታሽ ይለቀዋል»

ይሄኛው አደገኛ ነው። እግሩ ወይም ክንዱ ድንገት ከቀላ፣ ከጋለ፣ ብርድ ብርድ ካለ፣ ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ነው። ማሸት ይቁም፤ ፋሻውም ይፈታ። እግር ከፍ ተደርጎ ይታረፍ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ጨርቅ ይደረግበት፣ ውሃ በብዛት ይጠጣ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግ ይችላል።

አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባቱ ካመመ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ማንም እጁን አያሳርፍበት። ሁለቱም እግሮች ማታ ማታ የሚያብጡና ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ልብ ወይም ኩላሊት ይመርመር። እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይመረመር ከታሸ፣ የደከመ ልብ ላይ ተጨማሪ ፈሳሽ መጫን ነው።