«ይህማ ፈርፊ ነው»፦ ከውሃ ጋሪ የተነሳ የአውስትራሊያ ወታደሮች አባባል

አውስትራሊያውያን ምንጩ የማይታወቅ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እውነት የመሰለ ወሬ ሲሰሙ «ይህማ ፈርፊ ነው» ይላሉ። እኛ «የሰሚ ሰሚ» የምንለው ዓይነት ነው። ዛሬ ፖለቲከኞቻቸው ሳይቀሩ የተቀናቃኛቸውን ክስ በዚሁ ቃል ያጣጥላሉ።

ፈርፊ የሰው ስም ነው። ጆን ፈርፊ በቪክቶሪያ ግዛት፣ ሼፐርተን ከተማ የሚኖር አንጥረኛና ሰባኪ ነበር። በፈረስ የሚጎተት የውሃ ጋሪ እየሠራ፣ በርሜሉ ላይ ስሙን በትልልቅ ፊደል ያሰፍር ነበር። በበርሜሉ የብረት ክዳን ላይም «ጥሩህ የተሻለ፣ የተሻለውም ምርጥ እስኪሆን አትረፍ» የሚል ምክር ይነበባል።

በ1914 (እ.ኤ.አ.) አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ፣ የዘመቱ ወጣቶች ከሜልበርን በስተሰሜን ባለው የብሮድሜዶውስ ጦር ሰፈር ከተቱ። ውሃቸው የሚመጣው በፈርፊ ጋሪ ነው። ተራው እግረኛ ኮዳውን ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ ወሬው ይደራል፦ መቼ ነው የምንነሳው? ወደ እንግሊዝ ነው ወይስ ወደ ፈረንሳይ? ጋሪ ነጂውም ከአንዱ ጋ የሰማውን ለሌላው ያደርሳል። ወሬው በጋሪው ስም ተጠርቶ ቀረ።

ወታደሩን በወሬኛነት መውቀስ ግን ግፍ ነው እላለሁ። በሕይወቱ የሚወስኑት ሰዎች የሚያውቁትን አይነግሩትም ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን 1914 ከአውስትራሊያ የአልባኒ ወደብ የተነሱት መርከቦች ወደ እንግሊዝ ያመራሉ ሲባል መንገድ ላይ አቅጣጫ ቀይረው ወደ ግብፅ ዞሩ፤ ወታደሩ ድንኳኑን የተከለው ፒራሚዶቹ አጠገብ፣ ሜና ላይ ነው። ኤፕሪል 25 ቀን 1915 ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ሲወርድ ደግሞ ውሃውም ብርቅ ሆነበት። ውሃ በጀልባ ይመጣል፤ ከዚያ በላምባ ቆርቆሮ ተሞልቶ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ገደሉ አናት ይወጣል። ከ8,000 በላይ አውስትራሊያውያን በዚያ ዘመቻ አለቁ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ «ልንወጣ ነው» የሚል ሹክሹክታ በምሽጎቹ ተዛመተ። አዛዦቹ ምስጢሩን እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ጠበቁት። በዲሴምበር ግን ሠራዊቱ በሌሊት እየተሳፈረ አንዛክ ከተባለው የጋሊፖሊ የባሕር ዳርቻ ለቅቆ ወጣ፤ የዚያን ጊዜው ፈርፊ እውነት ነበር።