«ሞተር ቀይርላት፣ ደንገጎን ትወጣለች»፦ ስለ ሞተር ቅያሪ በድሬዳዋ የሚባለውና እውነታው

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ማንንም አያስፈራም፤ የሚያስፈራው የደንገጎ ዳገት ነው። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፤ ሐረር 1,900 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች። በመካከሉ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት መኪናውን ያስቆመበት ሰው በማግሥቱ ጋራዥ ይመጣና ሁልጊዜ አንድ ቃል ይናገራል፤ «ሞተሯ አልቋል፤ ተለቅ ያለ ፈልግልኝ።»

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህ ጥያቄ በርክቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ ሰው ያለችውን ዲኤክስ ወይም ቪትዝ አጥብቆ ይዟል። ደግም አደረገ፤ ደህና ቆርቆሮና ደህና ሻንሲ ያላት መኪና ስትጣል ማየት አልወድም። ነገር ግን ሞተር በወሬ ሲቀየር የስንት ቤተሰብ ጥሪት እንደሚበላ በእጄ ፈትቼ ስላየሁት፣ በየጋራዡ የምሰማውን ልናገር።

«ተለቅ ያለ ሞተር ዳገቱን እንደ ሜዳ ይወጣል»

ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጀምር። ሞተር የሚኖረው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይፈልጋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሙሉ ጉልበት ያለው ሞተር ድሬዳዋ ሲደርስ ከስምንት አንድ እጁን፣ ሐረር ሲገባ ደግሞ ወደ አምስት አንድ እጁን አጥቷል።

በዲኤክስ እናስላው። ይህች የኋላ ጎማዋ የሚነዳ ኮሮላ በብዛት የምትታወቀው 4ኬ በሚባለው የ1,290 ሲሲ ሞተር ነው። ሰው የሚመኝላት የዚያኑ ታላቅ ወንድም፣ የ1,486 ሲሲውን 5ኬ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ብልጫ 15 በመቶ ነው። ከፍታው ሐረር ላይ የሚወስደው 20 በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ ሐረር ላይ ያለ 5ኬ የሚስበው አየር በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ የ1,200 ሲሲ ሞተር ከሚስበው አይበልጥም ማለት ነው። ለውጥ የለውም አልልም፤ አለው። ግን ባለቤቱ በልቡ የሳለው ዓይነት ለውጥ አይደለም።

በዚህ ላይ የካርቡራተር ጉዳይ አለ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተር ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ መኪናዋ ትታፈናለች። ይህ በማስተካከል የሚመለስ እንጂ ሞተር የሚያስጥል ሕመም አይደለም።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ዲኤክሳቸውን ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ ለሞተሩ ቀብድ ሰጥቻለሁ፤ መቼ ትገጥምልኛለህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ያለውን እንለካው» አልኳቸው።

አራቱም ሲሊንደሮች ጤነኛ ሆነው ተገኙ። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል፤ ለጠዋት ማስነሻ የሚያገለግለው የካርቡራተሩ የአየር መዝጊያ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ከሁሉም በላይ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጉልበቱ ግን ጎማ ላይ አይደርስም። አዲስ ሞተር በዚያ ፍሪሲዮን ላይ ቢገጠም ኖሮ የሚጨምረው ጩኸት ብቻ ነበር። ፍሪሲዮኑን ቀይረን፣ ካርቡራተሩን አጥበን ላክናቸው። ያቺ መኪና ዛሬም በድሮ ሞተሯ ሐረር ትመላለሳለች።

ዳገት የማርሽም ጉዳይ ነው። ሐረር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሰው ሲያመላልሱ የኖሩት ፔጆ 404 ታክሲዎች በብዛት የሚታወቁበት ሞተር 1,618 ሲሲ ብቻ ነው። የሐረርን አቀበት የሚወጡት ሹፌሮቻቸው ማርሹን በጊዜ ስለሚቀንሱ ነው። በአራተኛ ማርሽ ልቡ የጠፋ ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ሌላ ሞተር ይሆናል።

«ከውጭ የመጣ ሞተር ብዙ አልሠራም»

ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው ሰዓት ዳሽቦርድ ላይ ይቀራል እንጂ ከሞተሩ ጋር አይመጣም። ያገለገለ ሞተር ስንት እንደሠራ የሚናገረው ራሱ ነው፤ የሚጠየቀውም በመለኪያ ነው። የዘይት ክዳኑን ክፈቱና ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ መኖሩን ተመልከቱ። የውሃ መግቢያው ዝጓል? ካንዴላዎቹ ዘይት ነክቷቸዋል? ከዚያ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለኩ።

እዚህ ላይ ሻጭም ገዢም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው የግፊት ቁጥር በባሕር ወለል አየር የሚጠበቅ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ድሬዳዋ ላይ 10.4፣ ሐረር ላይ 9.5 ባር ገደማ ያሳያል። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ፤ ያናድደኛል። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ሦስቱ አሥር ሆነው አንዱ ሰባት ከሆነ ያንን ሞተር ተዉት። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩ በሕይወት አለ።

«ኮፈን ከተዘጋ ገጥሟል ማለት ነው»

ኮፈን መዘጋቱ የመጀመሪያው ነገር እንጂ የመጨረሻው አይደለም። 4ኬን በ5ኬ መቀየር የሚቀለው ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ ነው። የፒስተናቸው ጉዞ አንድ ዓይነት 73 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለያዩት በሲሊንደሩ ስፋት ሲሆን፣ አንዱ 75፣ ሌላው 80.5 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይቀበለዋል።

የ1,600 ሲሲውን 4ኤ ሞተር ከሌላ ኮሮላ አውጥቶ ዲኤክስ ላይ ማስቀመጥ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የፊት ጎማ ለሚነዳ መኪና የተሠራው 4ኤ በአግድም የሚቀመጥ ነው። በዲኤክስ ውስጥ በቁመት ሲዞር የውሃ ቱቦዎቹ፣ የሞተሩ መያዣዎችና የዘይት ቋቱ ቦታቸውን ያጣሉ። ካምቢዮውም የራሱ መሆን አለበት። ካምቢዮ ሲቀየር ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ርዝመት ይለወጣል፤ ዘንግ ሲቆረጥና ሲበየድ ሚዛኑ ካልተስተካከለ መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ትንቀጠቀጣለች። ብየዳ ቤት ሄዶ የሞተር መያዣ ማሠራት ይቻላል፤ ድሬዳዋ ከምድር ባቡር ዎርክሾፕ ዘመን ጀምሮ እጃቸው የተባረከ የብረት ሠራተኞች ያሏት ከተማ ናት። ሥራው ግን በልኬት ይሁን። ሞተሩ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያዘመመበት መኪና ፍሪሲዮንና ኩሽኔት ሲበላ ይኖራል።

«ቪትዝ ላይ 1.5 መግጠም የቡሎን ማሰር ነው»

የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች በሁለት የተለያዩ ቤተሰብ ሞተሮች ነው የመጡት። አንድ ሊትሯ 1ኤስዜድ የሚባል 997 ሲሲ ሞተር አላት። የ1.3 ሊትሩ 2ኤንዜድና የ1.5 ሊትሩ 1ኤንዜድ ግን ወንድማማቾች ናቸው፤ ሲሊንደራቸው እኩል 75 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ የፒስተኑ ጉዞ ብቻ ይለያያል። ስለዚህ «ቪትዝ ናት» ብሎ መነሣት አይበቃም፤ የትኛዋ ቪትዝ ናት?

ከብረቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ሽቦው ነው። የቤንዚኑን መጠንና የእሳቱን ሰዓት የሚወስነው የመኪናዋ ኮምፒውተር ለድሮው ሞተር የተጻፈ ነው። አዲሱን ሞተር ያለ ራሱ ኮምፒውተርና ያለ ሽቦ ገመዱ የሚገዛ ሰው ግማሽ ሞተር ገዝቷል። ቁልፏን የሚያውቅ የስርቆት መከላከያ ያላት መኪና ከሆነች ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ ከቁልፉ ጋር እስካልተዋወቀ ድረስ አትነሣም። ሽቦ በምላጭ እየላጡ በፕላስተር የሚቀጥሉ ሰዎች አሉ፤ በድሬዳዋ የግንቦት ሙቀት ያ ፕላስተር ይላቀቃል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች። ሞተሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ ሽቦውንና የጋዝ መርገጫ ክፍሉን ከአንድ መኪና አንድ ላይ ግዙ።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ሞተሩ አይሞቅም»

ይህን ምክር ያልሰማ የድሬዳዋ ሹፌር የለም። እኔም በልጅነቴ ከታላላቆቼ ተምሬ ስንቱን ቴርሞስታት እንደጣልኩ ሳስበው ይቆጨኛል።

ቴርሞስታት ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚከፈት በር ነው። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ በሞቀ ጊዜ ክፍት ስለሆነ ማንንም አያግድም። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ሲከፈት በሌላው ጫፉ አቋራጩን ቱቦ ይዘጋል። እሱን ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ የሞቀ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ለቅዝቃዜ ብላችሁ ያወጣችሁት በር ዳገት ላይ ያስሞቅባችኋል። በሜዳ ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል፤ ሲሊንደሩም ያለ ጊዜው ይፋቃል።

ሙቀት የሚያስቸግረው ማንን ነው? ራዲያተሩን ሳይቀይር ሞተሩን ያሳደገውን ሰው። ከተቃጠለው ነዳጅ ኃይል ሲሶው ያህል ሙቀት ሆኖ በውሃው በኩል ይወጣል። ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ብዙ ሙቀት ያወጣል፤ ለ1.3 የተሠራው ራዲያተር ያን አይችልም። በዳገት ላይ መኪናዋ በዝግታ ስለምትሄድ ንፋስም አይረዳትም፤ ሥራው ሁሉ በአየር ማራገቢያው ላይ ይወድቃል።

ሰው የሚንቀው የራዲያተር ክዳን ደግሞ አለ። ውሃ ክፍት ሆኖ ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ሐረር ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ይህን ወደ 115 ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ያላት መኪና እነዚያን 20 ዲግሪዎች ያለ ምክንያት ታጣለች። ሞተር ከመቀየር በፊት ክዳን ቀይሩ።

የምትሞሉትን ውሃም አስቡት። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። ያው ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችም ያጠባቸዋል። የተጣራ ውሃና የራዲያተር ፈሳሽ ቀላቅላችሁ ሙሉ።

«ናፍጣ ቢገጠምላት ትርፍ ነው»

ቶዮታ ራሱ 2ሲ የተባለውን የ1,974 ሲሲ ናፍጣ ሞተር በአንዳንድ ኮሮላዎች ላይ ስለገጠመ ነገሩ የማይሆን አይደለም። ነገር ግን ያ ሞተር ከባድ ነው፤ የፊት ሱስታውም ፍሬኑም ለእሱ የተዘጋጀ መሆን አለበት። በጣም ከሞቀ ደግሞ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) በመሰንጠቅ የታወቀ ነው፤ ስለ ደንገጎ ያልኩትን አስታውሱ።

ሰው የሚዘነጋው ግን ፍሬኑን ነው። የቤንዚን ሞተር ፍሬን የሚያለሰልሰውን መሳሪያ የሚያንቀሳቅሰው በሚስበው አየር ነው፤ ናፍጣ ሞተር ያን ዓይነት ስበት የለውም። 2ሲ ለዚህ ከዲናሞው ጋር የተያያዘ የራሱ ፖምፓ አለው። ያንን ፖምፓ ትቶ ሌላ ዲናሞ የገጠመ ሰው ፍሬኑ ድንጋይ ይሆንበታል፤ የሚያውቀውም ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ነው። በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም።

«የራሴ መኪና ነው፣ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?»

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያለ ምክንያት አልወጣም። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ፤ የሞተር ቁጥርም አለ። አዲሱ ሞተር ሌላ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አሳውቆ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ካልሆነ ለቦሎ ምርመራ በቀረባችሁ ጊዜ ቁጥሩ አይመሳከርም፤ መኪናዋን ስትሸጡ ገዢ ይሸሻል፤ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋር ክርክር ትገጥማላችሁ።

ስለዚህ ከሻጩ ደረሰኝና ቀረጥ የተከፈለበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ተቀበሉ፤ በሁለቱም ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ አትንኩት፤ ከየት እንደመጣ አታውቁም። ሞተሩ ገና መሬት ላይ ሳለ የቁጥሩን ቦታ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ፎቶ አንሡ፤ በብዙ መኪኖች ላይ አንዴ ከተገጠመ በኋላ እዚያ ቦታ እጅም ዓይንም አይደርስም።