የድንች ምች፣ በሽታው የለመደው ኬሚካልና የቅጠል ጭማቂ ሙከራ በጎጃም

ጎጃም ውስጥ ድንች በሚበቅልበት ደጋ ሁሉ፣ ሰከላ በሉት፣ ባንጃ በሉት፣ ቋሪት ወይ ጮቄ ስር ያሉት ቀበሌዎች፣ ክረምት ላይ ማሳ ሙሉ ድንች በሳምንት በአስር ቀን ውስጥ ድራሹን የሚያጠፋው ምች ነው፣ ባለሙያዎቹ ሌት ብላይት የሚሉት። አምጪው ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል፣ ቲማቲምንም አይምርም። ሲያዩት ሻጋታ ነው የሚመስለው ግን ፈንገስ አይደለም፣ ይሄ ደግሞ የምሁር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የትኛው መድኃኒት ይሰራል የትኛው አይሰራም የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እዚህ የምናየው ኬሚካል እየለመደ ያስቸገረውን ይሄን በሽታ በእፅዋት ጭማቂ መግታት ይቻላል ወይ ተብሎ የሚደረገውን ሙከራ ነው፣ እንዴት እንደሚሰራ፣ ጎጃም ላይ ምን እንዳለ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የት ላይ እንደሚቆም።

ነገርየው ኡማይሴት ከሚባለው ወገን ነው። ዘመዶቹ እንጉዳይና እርሾ ሳይሆኑ ባህር ውስጥ የሚበቅሉት ቡናማ አልጌዎች ናቸው። የፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ ኪቲን ሲኖርበት የዚህኛው ሴሉሎስና ቤታ ግሉካን ነው፣ የፈንገስ ሽፋን ላይ ያለው ኤርጎስቴሮል የሚባለው ቅባትም የለውም፣ ራሱ እንዲህ ያለ ቅባት (ስቴሮል) መስራት አይችልም። ፋርማሲ የምናገኛቸው እነ ኬቶኮናዞልና ፍሉኮናዞል ኤርጎስቴሮል እንዳይሰራ በማድረግ ነው ፈንገስን የሚያጠቁት፣ ስለዚህ የሚመቱት ነገር እዚህ ከነጭራሹ የለም። በዚያ ላይ ዋናተኛ ነው። ቅጠል ላይ የሚያፈራት የሎሚ ቅርጽ ያላት ፍሬ ብርድ ሲነካት ትከፈትና ሁለት ሁለት ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ስፖሮች (የበሽታው ዘሮች በሏቸው) ትለቃለች፣ እነሱ በውሃው ጠብታ ላይ እየዋኙ ቅጠሉን ይገቡበታል። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያለ ብርዳም አየርና የማይደርቅ ቅጠል ካገኘ በቃ፣ የሐምሌ የእንጅባራን ጉም የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አይፈልግም።

ማሳ ላይ መለየቱ ከባድ አይደለም። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ የታመመውን ቅጠል ገልብጣችሁ ብታዩት መሀሉ ውሃ የነካው ወረቀት መስሎ ጠቁሯል፣ ከጥቁሩና ከአረንጓዴው ድንበር ላይ ደግሞ ስስ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጥጥ ዞሮ ይታያል፣ ፍሬዎቹ እዚያ ናቸው። ፀሐይ ሲበረታ ያ ነጭ ነገር ይጠፋል፣ ለዚህ ነው ከሰዓት ሄዶ ያየ ባለሙያ አንዳንዴ ድርቅ ነው ምናምን ብሎ የሚመለሰው። ግንዱም ይጠቁራል፣ መሬት ውስጥ ያለውም ድንች በዝናብ በወረደው ስፖር ተይዞ ውስጡ ቡናማ ይሆናል፣ ጎተራ ሲገባ ይበሰብሳል።

ታሪኩን ለማሳጠር፣ ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1858 ገደማ በጀርመናዊው የእፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር በኩል ነው ይባላል፣ በሽታው በዚያን ጊዜ አየርላንድን አጥፍቶ ጨርሶ ነበር፣ ከ1845 ጀምሮ በነበረው ረሃብ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ዛሬ የሚጠራበትን ስም የሰጠው ደግሞ አንቶን ደ ባሪ ነው፣ በ1876።

አሁን ወደ ኬሚካሉ። ሜታላክሲል የሚባለው መድኃኒት በ1977 ገበያ ሲገባ ተአምር ነበር፣ ቅጠሉ ውስጥ ሰርጎ ስለሚሄድ ዝናብ አያጥበውም፣ የገባውንም በሽታ ይገታል። ግን ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1980፣ አየርላንድና ኔዘርላንድ ላይ የማይሞት ምች ተገኘ። ምክንያቱ ሜታላክሲል የሚመታው አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ነው፣ አርኤንኤ የሚሰራውን አንዱን ኢንዛይም፣ እዚያች ላይ ትንሽ ለውጥ ያመጣ ዘር ካለ እሱ ብቻ ይተርፍና ማሳውን ይወርሳል። ከዚያ ወዲህ ብዙውን ጊዜ ከማንኮዜብ ጋር ተደባልቆ ነው የሚሸጠው፣ እኛ ጋ ሪዶሚል እያልን የምንገዛውም እንደዚያው ድብልቅ ነው። ማንኮዜብ ብዙ ቦታ ስለሚመታ በቀላሉ አይለመድም፣ ግን ቅጠል ላይ ቁጭ ብሎ ብቻ ነው የሚከላከለው፣ ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል፣ በየ7 በየ10 ቀኑ መድገም ያስፈልጋል፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በጤና ምክንያት በ2020 ፈቃዱን ላለማደስ ወስኗል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። ገበሬው "ሪዶሚሉ እንደድሮው አልሰራም" ሲል ሰምቶ ወዲያው በሽታው ለምዷል ብሎ መደምደም ልክ አይደለም። መድኃኒቱ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል፣ አስመስሎ የተሰራ ሊሆን ይችላል፣ ለሄክታር 2.5 ኪሎ የሚለው በቆርቆሮ ክዳን ተለክቶ ግማሹ ብቻ ገብቶ ይሆናል፣ ወይ በሽታው ማሳውን ከወረሰ በኋላ ተረጭቶ ይሆናል፣ እንደዚያ ከሆነማ ምንም ነገር አያድነውም። ለመለየት የሚደረገው ቴስት ቀላል ነው፦ ከማሳው የመጣውን ምች በንጹህ የድንች ቅጠል ክብ ቁራጮች ላይ አድርጎ፣ ቁራጮቹን ሜታላክሲል በሌለበት፣ በሊትር 10 ሚሊግራምና 100 ሚሊግራም ባለበት ውሃ ላይ ማንሳፈፍ ነው። 100ው ላይም ነጩን ጥጥ ካወጣ ለምዷል። ይሄ ሳይሰራ "መድኃኒት ለተላመደ ምች የእፅዋት መፍትሄ" ብሎ ርዕስ የሚሰጥ ጥናት በጣም ያናድደኛል፣ መላመዱን ማን ለካው?

የእፅዋቱ ጉዳይ ጎጃም ላይ ባዶ ሜዳ ላይ አይጀምርም። ደብተራው፣ መድኃኒት አዋቂው፣ የቅኔ ተማሪው ሳይቀር ቅጠልና ስር የሚያውቅበት አገር ነው፣ ለጭርት ይሄን፣ ለቋቁቻ ያንን የሚል እውቀት በየቤቱ አለ። ተመራማሪውም የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው፣ ግራዋ፣ ብሳና፣ ስሚዛ፣ ጤና አዳም፣ እንዶድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ። ሲቀርቡት ግን ለጭርት የሰራ ለምች ይሰራል ማለት አይደለም፣ ጭርት እውነተኛ ፈንገስ ነው። እንዶድን ውሰዱ። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣ ሞቶ አይቶ ነው የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ መግደያ ያገኘው፣ ኃይሉ ያለው እንደሳሙና አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ውስጥ ነው። ሳፖኒን ፈንገስን የሚበሳው ሽፋኑ ላይ ያለውን ስቴሮል ይዞ ነው፣ ፋይቶፍቶራ ደግሞ ስቴሮል አይሰራም አልን፣ ስለዚህ እንዶድ ሻጋታ ገደለ ተብሎ ምች ይገድላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፣ ለብቻው መፈተን አለበት።

ነጭ ሽንኩርት የተሻለ ተስፋ አለው። ሲወቀጥ አሊሲን የሚባለው ነገር ይፈጠራል፣ ያ የሚሸተው ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ የሚመታው አንድ ቦታ ሳይሆን ሰልፈር ያለባቸውን ብዙ ፕሮቲኖች ነው፣ ፋይቶፍቶራ ላይ እንደሚሰራም በላብራቶሪ ታይቷል። ችግሩ ቶሎ ይበላሻል፣ ካልተወቀጠ አይኖርም፣ ከተወቀጠ አይቆይም። ጦስኝም ቲሞልና ካርቫክሮል ስላለው ይፈተናል፣ እነዚህ ዘይቶች ሽፋኑን ራሱን ነው የሚያፈርሱት፣ ስቴሮል ኖረ አልኖረ ብዙም ግድ የላቸውም። የኛ ደጋ ጦስኝ በሳይንስ ስሙ የሚጠራው በዚያው ድንቹን አመጣ በተባለው ሺምፐር መሆኑ ሁሌ ያስቀኛል።

ሙከራው ራሱ እንዲህ ነው የሚሄደው። ቅጠሉ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ዘይቱ ይተናል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በውሃ ወይ በኢታኖል ወይ በሜታኖል ሁለት ሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ አልኮሉ በሮታሪ ኢቫፖሬተር ተኖ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይቀራል፣ ፍሪጅ ይገባል። በሽታው ከማሳ ሲመጣ ደግሞ የታመመውን ቅጠል በቀጭኑ በተቆረጠ ድንች ስር አድርጎ ጥጡ በላይኛው በኩል እስኪወጣ መጠበቅ አለ፣ ከዚያ ነው ራይ በሚባለው እህል ወይ በአትክልት ጁስ በተሰራ አጋር (የላብራቶሪ ሳህን ላይ እንደ ጄሊ የሚረጋ ማሳደጊያ) ላይ የሚያድገው። ዋናው መፈተሻ ጭማቂውን አጋሩ ሳይረጋ ደባልቆ፣ መሀሉ ላይ 5 ሚሊሜትር የምታህል የበሽታ ቁራጭ አስቀምጦ፣ 18 ወይ 20 ዲግሪ ላይ አቆይቶ የክቡን ስፋት በማስመሪያ መለካት ነው። ምንም ካልገባበት ሳህን ጋር ይነጻጸራል፣ ልዩነቱ በመቶኛ ይሰላል። ጎን ለጎን ማሟሟያው ብቻ የገባበት ሳህን መኖር አለበት፣ አለዚያ የገደለው ቅጠሉ ይሁን ሜታኖሉ አይታወቅም። ማንኮዜብ ወይ ሜታላክሲል ያለበት ሳህንም እንደዚያው።

እኔ ከሳህኑ ይልቅ የማምነው የተቆረጠ ቅጠሉን ነው። የድንች ቅጠል ጀርባው ወደላይ ሆኖ እርጥብ ሶፍት ላይ ይተኛል፣ ጭማቂው ይረጭበታል፣ ሲደርቅ ስፖር ያለበት ውሃ አንድ ጠብታ ይደረግበታል። ውሃው አስቀድሞ 4 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ብርዱ ዋናተኞቹን እንዲለቃቸው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እየተሽከረከሩ ሲሯሯጡ ነው የሚገኙት። በአምስተኛው ስድስተኛው ቀን ጭማቂ ያልነካው ቅጠል ጠቁሮ ነጭ ያወጣል፣ የነካው ወይ ንጹህ ነው ወይ ግማሽ ነው ወይ ደግሞ በሽታው ሳይሆን ጭማቂው ራሱ አቃጥሎታል፣ ይሄኛውን ሳህን በጭራሽ አያሳይም።

ብዙው ሥራ ግን ሳህኑ ላይ ያልቃል። ቁጥሩን እንስራው እስቲ፦ ሳህን ላይ 10 በመቶ ጭማቂ ጥሩ ነው ተባለ፣ በሊትር 100 ግራም ደረቅ ቅጠል ማለት ነው። ለሄክታር 500 ሊትር ውሃ ከተረጨ 50 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ለአንድ ርጭት፣ ክረምቱን ስድስት ጊዜ ቢረጭ 300 ኪሎ። አንድ ጥማድ ላለው ሰው እንኳን 75 ኪሎ ደረቅ፣ እርጥቡ ስንት እጥፍ እንደሆነ ቅጠል ያደረቀ ያውቀዋል። ጦስኝ በዚህ መጠን ከተለቀመ ከተራራው ላይ ይጠፋል፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በዚህ መጠን ከተገዛ ዋጋው ከድንቹ ይበልጣል። የሚያዋጣው ያው በየአጥሩ ያለው ነው፣ ስሚዛና ግራዋ፣ እነሱ ከሰሩ ማለት ነው።

ዝናብና ፀሐይም አለ። ጎጃም ላይ ምች የሚበረታው ልክ ዝናቡ ሲበረታ ነው፣ ቅጠል ላይ ብቻ የሚቀመጥ ጭማቂ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድበት አብሮ ይወርዳል። "ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም" የሚለው ነገር ደግሞ አያስኬድም። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ሳፖኒን ያለው እንዶድ አሳ ይገድላል፣ የሰከላ ማሳ ውሃ ደግሞ ግልገል አባይ ነው የሚገባው።

ተቋም ከተባለ መጀመሪያ የሚጠራው አዴት ነው፣ ከባሕር ዳር በሞጣ መንገድ 40 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዘንገናና ጓሳ የተባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዘንዘልማ የግብርና ኮሌጅ አለው፣ ደብረ ማርቆስ ቡሬ ላይ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ድንቹ መሀል ነው የተቀመጠው። ማሳ ላይ ሲሰራ ቶሎ የሚታመም ዝርያ ተመርጦ፣ መደቦቹ በዕጣ ተደልድለው፣ በየሳምንቱ የተቃጠለው ቅጠል በመቶኛ እየተገመተ ይመዘገባል፣ መጨረሻ ላይ የሚወዳደረው ያ አጠቃላይ ድምርና የድንቹ ምርት ነው። የአንድ ክረምት ውጤት ብዙ አያስኬድም፣ ዝናቡ ከዓመት ዓመት ይለያያላ።

የፋይቶፍቶራን ዘመዶች በአጭሩ ካነሳን፣ ፒቲየም ኢንሲዲዮሰም የሚባል ኡማይሴት ታይላንድን በመሰለ ሞቃትና ውሃ ገብ አገር ሰውና ፈረስ ያጠቃል፣ የደም ሥርና ዓይን ይጎዳል፣ የተለመደው የፈንገስ መድኃኒት በደንብ ስለማይሰራበት ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ነው የሚወገደው። እዚያም የእፅዋት ጭማቂ ይፈተናል፣ የላብራቶሪው መንገድም ተመሳሳይ ነው። ሳፕሮሌግኒያ ደግሞ የአሳ እንቁላል ላይ ጥጥ የሚያወጣው ነው።

ሕጉም ቀላል አይደለም። የተባይ መድኃኒት ነው ተብሎ የሚሸጥ ነገር ከቅጠል ይሰራ ከፋብሪካ ይውጣ በአዋጅ 674/2010 መመዝገብ አለበት፣ ለምዝገባ ደግሞ የማሳ ውጤትና የደህንነት መረጃ ይጠየቃል፣ የማስተርስ ጥናት ሳህን ላይ ስለሚያልቅ እዚያ አይደርስም። እውቀቱ የማኅበረሰቡ ከሆነ በአዋጅ 482/2006 ፈቃድና የጥቅም ድርሻ አለ፣ አንድ መድኃኒት አዋቂ ነግሮ ተመራማሪው ብቻ የሚጠቀምበት አሰራር ክልክል ነው፣ በወረቀት ደረጃ።

እስከዚያው ገበሬው የሚያደርገው የታወቀ ነው፣ ድንቹን ከክረምት ወደ በልግና ወደ መስኖ ያሸሻል፣ ሜጫ ላይ ቆጋ መስኖ ከመጣ በኋላ ብዙ ሰው በበጋ ነው የሚተክለው። ክረምት የሚተክል ደግሞ እንደ በለጠና ጉደኔ ያሉትን ምች የሚቋቋሙ ዝርያዎች ይመርጣል፣ እነሱም ለዘላለም አይቋቋሙም። ጭማቂው ቦታ ካለው እነዚህ ዝርያዎች ላይ ነው፣ በሽታው ከመታየቱ በፊት፣ በሁለት የኬሚካል ርጭት መካከል፣ የሜታላክሲሉን ቁጥር ለመቀነስ፣ በሀገረሰቡ ዝርያ ላይ ሐምሌ መሀል ለብቻው ብትረጩት ግን ውሃ እንደረጫችሁ ቁጠሩት።