የሳን ማይክሮሲስተምስ ውርስ፦ የዩኒክስ ዴስክቶፕና የፋይል ሰርቨር

ሳን ማይክሮሲስተምስ በ1982 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ የተቋቋመ፣ ዩኒክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ዎርክስቴሽኖችን (ጠንካራ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮችን) እና ሰርቨሮችን የሚሠራ ኩባንያ ነበር። መሥራቾቹ አንዲ ቤክቶልሻይም፣ ቪኖድ ኮስላና ስኮት ማክኒሊ ሲሆኑ ቢል ጆይ ብዙ ሳይቆይ ተቀላቅሏቸዋል። በ2010 ኦራክል እስኪገዛው ድረስ ተጠቃሚው ፊት ለፊት የሚያየውን ዴስክቶፕም፣ ከጀርባ ፋይሉን የሚጠብቀውን ሰርቨርም ራሱ ያቀርብ ነበር። ዛሬ ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ ከተባሉት ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አንዱን ለመጫን የተነሳ ሰው ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የትኛውን ዴስክቶፕ ልምረጥ? ፋይሌንስ ምን ዓይነት ማሽን ላይ ላስቀምጥ? በሁለቱም መልስ ላይ የዚህ ቤት አሻራ አለ።

ኤንኤፍኤስ

ሁለቱን ጉዳዮች የሚያገናኛቸው ኤንኤፍኤስ ነው። ሳን በ1984 ሠርቶ በተከታዩ ዓመት ያወጣው ይህ ፕሮቶኮል ሰርቨር ላይ ያለ ፎልደር በሌላ ማሽን ላይ የራሱ ዲስክ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። ኩባንያው ዝርዝሩን ለተፎካካሪዎቹ ጭምር ክፍት አደረገ። ዲስክ የሌላቸው ዎርክስቴሽኖችንም ይሸጥ ነበር፤ የሠራተኛው ፋይል በሙሉ ሰርቨሩ ላይ ስላለ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማሽን ቢበላሽ ሌላ ተተክቶ ሥራው ይቀጥላል። የገንዘቡ አመዳደብም ከዚሁ ይመነጫል፦ ዴስክቶፕ በግማሽ ቀን ይቀየራል፣ ባክአፕ የሌለው ፋይል ከጠፋ ግን ቀረ፤ ስለዚህ ወጪውና ጥንቃቄው ወደ ሰርቨሩ ማዘንበል አለበት።

ዴስክቶፑ

ኤክስ የተባለው የዩኒክስ የመስኮት ሥርዓት በ1984 በኤምአይቲ ተጀምሮ በ1987 እስከ አሁን ወደሚሠራበት 11ኛ ስሪቱ ደረሰ። ሳን በበኩሉ ኒውስ የተባለ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ከሠሪዎቹ አንዱ በኋላ ጃቫን የፈጠረው ጄምስ ጎስሊንግ ነው። ኒውስ ፖስትስክሪፕት በተባለው የገጽ መግለጫ ቋንቋ ላይ የተመሠረተ፣ በንድፍ ውበቱ ከኤክስ የሚልቅ ሥራ ነበር። ኤክስ ግን ለሁሉም በነጻ ተሰጥቶ ስለነበር ገበያውን ወሰደ። ቀጥሎ ፉክክሩ ወደ መልክ ዞረ፤ ሳንና ኤቲ ኤንድ ቲ ኦፕን ሉክን፣ ተቀናቃኞቻቸው ሞቲፍን ይዘው ተሰለፉ። በ1993 ሳን፣ ኤችፒ፣ አይቢኤምና ሌሎችም ሲዲኢ የተባለ አንድ የጋራ ዴስክቶፕ ለመሥራት ተስማሙ። ሲዲኢ በሞቲፍ ላይ ቆመ፤ ኦፕን ሉክም በዚያው ከሰረ። ሲዲኢ በ2012 ነጻ ሶፍትዌር ሆኖ ተለቅቋል፤ ዛሬ የሚጭነው ግን ትዝታ ያለው ሰው ነው።

አሁን ምርጫ የሚቀርብባቸው ዴስክቶፖች የተወለዱት በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው። ማቲያስ ኤትሪክ በ1996 ኬዲኢን አስተዋወቀ። ኬዲኢ የቆመበት ኪውቲ የተባለው ላይብረሪ ፈቃዱ በወቅቱ ሙሉ በሙሉ ነጻ ስላልነበረ ሚጌል ዴ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና በ1997 ግኖምን ጀመሩ። ሳን በ2000 ግኖም የሶላሪስ (የኩባንያው ዩኒክስ) መጪ ዴስክቶፕ እንደሚሆን አሳወቀ፤ በቀጣዩ ዓመትም ተራ ተጠቃሚዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ የት የት እንደሚቸገሩ አጠና። በ2002 የወጣው ግኖም 2 ቀለል ብሎ የተገኘው አንድም በዚህ ጥናት ነው። ማየት ለተሳናቸው ስክሪኑን የሚያነበው ኦርካም ያደገው በሳን መሐንዲሶች እጅ ነው፤ ይህ ውለታ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ነው። በ2011 የወጣው ግኖም 3 የድሮውን አሠራር ከሥሩ ለወጠው፤ ያልወደዱት ሰዎች ግኖም 2ን ማቴ በሚል ስም ቀጠሉበት። ሁሉን ነገር በራሱ ፍላጎት ማስተካከል ለሚወድ ኬዲኢ ይመቸዋል። 2 ወይም 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኤክስኤፍሲኢን መጫን ይሻላል፤ ኦሊቪዬ ፉርዳን ሲጀምረው ሲዲኢን እንዲመስል አድርጎ ነበር፣ ዛሬም ብዙ ሳያስጨንቅ ይሠራል።

ለአማርኛ ጸሐፊ በዴስክቶፖቹ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ፊደሉ በሁሉም ላይ በትክክል ይታያል። ለመጻፍም አይባስ የተባለውን ፕሮግራም ከኤም17ኤን (የአጻጻፍ ዘዴዎች ስብስብ) ጋር ጭኖ ሴራ የሚባለውን አጻጻፍ መምረጥ ይበቃል፤ በላቲን ቁልፎች ድምፁን ሲጽፉት ፊደሉ ይወጣል።

የፋይል ሰርቨሩ

የሳን ትልቁ ሥራ ግን ዜድኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው ሶፍትዌር ነው። ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አህረንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2001 ጀምረውት በ2005 መጨረሻ ከኦፕንሶላሪስ (ኮዱ ክፍት ከሆነው ሶላሪስ) ጋር ወጣ፤ በ2006 ደግሞ በሶላሪስ 10 ገባ። መነሻ ሐሳቡ ዲስክን አለማመን ነው። የቀድሞዎቹ ፋይል ሲስተሞች ዲስኩ “ይኸው” ብሎ የሰጣቸውን ዳታ እውነት ነው ብለው ይቀበላሉ። ዲስክ ግን ስህተት መኖሩን ሳያሳውቅ የተበላሸ ዳታ የሚመልስበት ጊዜ አለ፤ ኬብልና ኮንትሮለርም እንዲሁ። ዜድኤፍኤስ ለእያንዳንዱ ብሎክ (የዳታ ቁራጭ) ቼክሰም፣ ማለትም ከይዘቱ የሚወጣ መፈተሻ ቁጥር ያሰላል፤ ቼክሰሙን የሚያስቀምጠው ግን ከብሎኩ ጋር ሳይሆን ወደ ብሎኩ በሚያመለክተው ሌላ ብሎክ ውስጥ ነው። ተከሳሽ ለራሱ ምስክር እንደማይሆን ሁሉ ብሎክም ለራሱ አይመሰክርም። በሚነበብበት ጊዜ ቼክሰሙ ካልገጠመ ጤነኛውን ቅጂ ከሌላው ዲስክ ያመጣል፣ የተበላሸውንም በዚያው ይጠግናል።

ሁለተኛው ነገር ነባሩን ዳታ ደርቦ አለመጻፉ ነው። አዲሱን ባዶ ቦታ ላይ ይጽፍና ሁሉም ሲያልቅ ብቻ ጠቋሚውን ያዞራል። በመሀል መብራት ቢጠፋ ዲስኩ ላይ የሚገኘው ወይ አሮጌው ሁኔታ ነው ወይ አዲሱ፤ ግማሽ የሚባል የለም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ቢሮ ይህ አንዱ ባሕርይ ብቻውን ምርጫውን ይወስናል። ይህ ማለት ዩፒኤስ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የመብራቱ መዋዠቅ ፓወር ሰፕላዩንና ዲስኩን ይጎዳልና።

ሳን ይህን ሶፍትዌር የሚሸከም ማሽንም በ2006 አወጣ። ሳን ፋየር ኤክስ4500፣ በቅጽል ስሙ ታምፐር፣ 4 ዩ (የሰርቨር መደርደሪያ መለኪያ) ከፍታ ባለው አንድ ሳጥን ውስጥ 48 ተራ የሳታ ዲስኮችን የያዘ፣ እስከ 24 ቴራባይት የሚደርስ ሰርቨር ነበር። ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያስተዳድር የሬይድ ካርድ አልነበረውም፤ ዲስኮቹ በቀጥታ ለዜድኤፍኤስ ይታያሉ።

ዛሬ ሰርቨር የሚገጣጥም ሰውም ይህንኑ ነው መከተል ያለበት። የሬይድ ካርድ ዲስኮቹን ሸፍኖ እንደ አንድ ስለሚያቀርብ ዜድኤፍኤስ የትኛው እንደተሳሳተ ማየት አይችልም፤ ዲስኩን እንዳለ የሚያሳልፍ ኤችቢኤ ካርድ ይገዛ። በዲስክ ግዢ ጊዜ ትራኮቹን አደራርቦ የሚጽፈውን፣ ኤስኤምአር የሚባለውን ዓይነት መሸሽ ነው። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለኤንኤኤስ (በኔትወርክ ለሚያገለግል የፋይል ማስቀመጫ) በሚሸጣቸው አንዳንድ ሬድ ዲስኮቹ ውስጥ ይህን ዘዴ ሳይገልጽ መጠቀሙ ታውቆ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዲስክ በተበላሸ ዲስክ ቦታ ሲተካ ዳታውን መልሶ መሙላቱ እጅግ ይጓተታል። ዲስኮቹ ትልልቅ ከሆኑ ሁለት ዲስክ ቢሞት የሚተርፈው፣ ሬይድዜድ2 የተባለው የዜድኤፍኤስ የዲስክ አደረጃጀት ይመረጥ፤ አንዱ ሞቶ ሌላው ሲሞላ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ በዚያ መሀል ሁለተኛው መሞቱ የሚያጋጥም ነገር ነው። ስክራብ (ዳታውን በሙሉ አንብቦ ከቼክሰሙ ጋር የሚያመሳክር ፍተሻ) በወር አንዴ ይሂድ። ስናፕሾት (የፋይሎቹ የአንድ ቅጽበት ሁኔታ ተጠብቆ የሚቆይበት) በስህተት የተሰረዘን ፋይል ያድናል፤ ሰርቨሩ ከተሰረቀ ወይም ከተቃጠለ ግን አብሮ ስለሚሄድ፣ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ቅጂ መኖር አለበት።

ኢሲሲ ሜሞሪ (የራሱን ስህተት የሚያርም ሜሞሪ) የግድ ነው ወይስ አይደለም የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ያለ ኢሲሲ ዜድኤፍኤስ ዳታን ያጠፋል የሚሉ አሉ፤ ራሱ ማቲው አህረንስ ደግሞ በዚህ ረገድ ዜድኤፍኤስ ከሌላ ፋይል ሲስተም የተለየ ነገር እንደማይጠይቅ ተናግሯል። ሁለቱም ወገን ሊደመጥ የሚገባው ነው፤ አቅም ካለ ግን ኢሲሲ መግዛቱ አይጎዳም። በ2009 የታተመ በጉግል ሰርቨሮች ላይ የተካሄደ ጥናት በዓመት ከሜሞሪ ሞጁሎቹ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስህተት እንዳሳዩ አግኝቷል።

ከኦራክል በኋላ

ኦራክል ኦፕንሶላሪስን በ2010 ዘጋው። ኮዱ ኢሉሞስ በተባለ ፕሮጀክት ቀጠለ፤ ዜድኤፍኤስን ደግሞ በፍሪቢኤስዲ ላይ ፓቬል ያኩብ ዳቪዴክ በ2007 አስገብቶት ስለነበር ቀድሞውንም ሌላ ቤት አግኝቷል። በ2013 ሠሪዎቹ ኦፕንዜድኤፍኤስ በሚል ስም ተሰባሰቡ። የዜድኤፍኤስ ፈቃድ ከሊኑክስ ፈቃድ ጋር ይስማማል አይስማማም በሚለው ላይ የሕግ ሰዎች አልተግባቡም፤ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ግን ከ2016 ጀምሮ አብሮ ያቀርበዋል። አንድ የሬይድዜድ ቡድን ላይ ዲስክ የመጨመር ችሎታ፣ ለዓመታት ሲጠየቅ የቆየው፣ በ2025 መጀመሪያ በስሪት 2.3 መጥቷል።

ማዘርቦርድ ሲሞት ዲስኮቹን ነቅሎ፣ ስሪቱ የሚስማማ ዜድኤፍኤስ ባለው ሌላ ማሽን ላይ መሰካትና “ኢምፖርት” የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ይቻላል። ዲስኮቹ በየትኛው ወደብ እንደተሰኩ ለውጥ አያመጣም። የሳን ሰዎች የስፓርክም የኢንቴልም ፕሮሰሰር እንዲያነበው አድርገው ስለጻፉት የፕሮሰሰሩ ዓይነት መለወጡም አያግደውም።